በርዷል ስለተባለው ማግማ፦ ከደሴ ለዝግጅት ክፍሉ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ከደረሰ ወዲህ ስለ እሳተ ገሞራ የሚጻፈው በዝቷል። መብዛቱ ደስ ይለናል። ይሁንና ወሎ ላይ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ሁለት የተሳሳቱ ሐሳቦች ደጋግመው ይደርሱታል። አንዱ፣ ከእግራችን ሥር የእሳት ባሕር ተኝቷል፣ ዛሬ ነገ ይገነፍላል የሚለው ነው። ሌላው፣ አንድ እሳተ ገሞራ ለሺህ ዓመታት ዝም ካለ ማግማው፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ቅልጥ ዐለት፣ በርዷልና ሥጋቱ አክትሟል የሚለው ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ማግማ ከመሬት በታች እንዴትና በምን ፍጥነት እንደሚበርድ አለመታወቁ። ነገሩ ቤት የሚሠራውን፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍረውን፣ ድንጋይ የሚፈልጠውን ሁሉ ስለሚነካ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ ፈቃድዎን እንጠይቃለን።

ማግማው ከተጠራቀመበት ከቋቱ እንጀምር። የማግማ ቋት ሲባል ብዙ ሰው በዐለት መካከል የተቦረቦረ ትልቅ ዋሻና በውስጡ የሚንተከተክ ቀይ ፈሳሽ ይታየዋል። በየመማሪያ መጽሐፉ የሚሳለው ሥዕልም ይህንኑ ያጸናል። በእርግጥ ግን ቋቱ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከፊል ጠጣር ሆኖ ነው። የረጋ ማር ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ቅንጣቶቹ ተደጋግፈው ቆመዋል፣ በመካከላቸው ፈሳሽ አለ፣ ዕቃውን ቢያጋድሉት ግን ንቅንቅ አይልም። በማግማም ውስጥ ክሪስታሎቹ ከጠቅላላው ግማሽ ገደማ ሲደርሱ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ አይፈስም። ያን ጊዜ በርዷል እንዳይባል ግማሹ ገና ቅልጥ ነው። ሊፈነዳ ነው እንዳይባልም በክሪስታሎቹ ታስሯል። እንዲህ ያለ ቋት ወደ መፈንዳት የሚሄደው በመካከል ያለው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ተጨምቆ ወደ ላይ ወጥቶ ሲጠራቀም፣ አለዚያም ከታች አዲስ ትኩስ ማግማ ገብቶ የረጋውን መልሶ ሲያላላው ነው።

ስለ ሙቀቱ ጥቂት ቁጥር እናስቀምጥ። ባዛልት የተባለውን ጥቁር ዐለት የሚሠራው ባዛልታዊ ማግማ ከጥልቅ ሲመጣ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ ሙሉ በሙሉ ጠጣር የሚሆነው ወደ 1,000 ዲግሪ ሲወርድ ነው። ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክሲጅን ውሕድ) የበዛበት፣ ነጣ ያለውን ራዮላይት የሚሠራው ራዮላይታዊ ማግማ ግን ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ላይም ቅልጥ ሆኖ ይገኛል። ሙቀቱ መውጫ የሚያገኘው በዙሪያው ባለው ዐለት በኩል ነው፤ ዐለት ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ ረገድ እጅግ ዘገምተኛ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሕግ ለማንም ይገባል። የማግማው ስፋት እጥፍ ከሆነ የሚረጋበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስፋቱ አሥር እጥፍ ከሆነ ጊዜው መቶ እጥፍ። ዐለትን ሰንጥቆ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ማግማ ዳይክ ይባላል። 2 ሜትር ስፋት ያለው ዳይክ በ11 ቀን ገደማ ይረጋል። 8 ሜትር የሆነው 6 ወር ያህል ይወስድበታል። 20 ሜትር ከሆነ 3 ዓመት፣ 200 ሜትር ከሆነ 300 ዓመት፣ 2 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ 30,000 ዓመት ገደማ ነው። ስሌቱ ዙሪያው ያለው ዐለት ቀዝቃዛ እንደሆነና አዲስ ማግማ እንደማይጨመር ታሳቢ ያደርጋል። ዙሪያው ቀድሞ የሞቀ ከሆነ ጊዜው ይረዝማል፤ ውሃ የሚመላለስበት ከሆነ ያጥራል። ስለዚህ «ማግማው ስንት ዓመት ሆነው?» ከማለት በፊት «ስፋቱ ስንት ነው?» ማለት ይቀድማል። የሁለት ሜትሩና የሁለት ኪሎ ሜትሩ ልዩነት የ11 ቀንና የ30,000 ዓመት ልዩነት ነውና።

ከጎረቤታችን ከአፋር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀ፤ ስንጥቁ በሰፋበት ቦታ 8 ሜትር ያህል ነበር። ወደ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ማግማ በስንጥቁ ውስጥ ገባ። መስከረም 16 ቀን ዳ ኡሬ በተባለው ቦታ ወደ ላይ የወጣው ከዚህ ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም፤ የቀረው ሁሉ ከመሬት በታች ረጋ። ከላይ ባስቀመጥነው ስሌት መሠረት ሰፊው ክፍል እንኳ ከመንፈቅ በላይ ቅልጥ ሆኖ ሊቆይ አይችልም። ይሁን እንጂ እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ድረስ በዚያው መስመር 13 ተጨማሪ ዳይኮች ገቡ። የመጀመሪያው ከረጋ በኋላ የመጡትን የመገባቸው ከሥሩ ያለው ትልቁ ምንጭ ነው። በኋላ የተደረገ የኤሌክትሪክና የማግኔት ጥናት በዚያ አካባቢ ቢያንስ 500 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቅልጥ በዐለቱ ውስጥ ተሰራጭቶ እንዳለ አመልክቷል። ጋዜጣ አንባቢ ሊለየው የሚገባው ይህን ነው፦ ስንጥቁ ውስጥ የገባው በወራት ይበርዳል፤ የላከው ቋት ግን በእኛ ዕድሜ አይበርድም።

ቋቱ ይህን ያህል የሚዘገይበት ሌላም ምክንያት አለ። ክሪስታል ሲፈጠር ሙቀት ይለቃል። አንድ ኪሎ ግራም ባዛልት ከቅልጥ ወደ ጠጣር ሲለወጥ የሚለቀው 320 ኪሎ ጁል ገደማ ነው፤ ይህ ያንኑ ኪሎ ዐለት 270 ዲግሪ ያህል ለማቀዝቀዝ ከሚወጣው ሙቀት ጋር እኩል ነው። ማግማው ከ1,200 ወደ 1,000 ዲግሪ በሚወርድበት ጊዜ፣ ከሙቀት መለኪያው በሚታየው 200 ዲግሪ ላይ ሌላ ከዚያ የበለጠ ድብቅ ሙቀት ማውጣት አለበት ማለት ነው። ይህን የዘነጋ ሰው የመብረጃውን ጊዜ ከግማሽ በታች ይገምታል።

ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ያፈጥነዋል። ዝናብ በስንጥቅ ወርዶ ትኩሱን ዐለት ይነካል፣ ይሞቃል፣ ይቀልላል፣ ወደ ላይ ይመለሳል፤ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል። በአፋር ተንዳሆ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተቆፈሩት የእንፋሎት ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተለክቷል። ይህ ሙቀት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ይችላል። ዝውውሩ ግን ራሱን ያንቃል፤ በውሃው የሟሟው ሲሊካና ካልሳይት ውሃው ሲቀዘቅዝና ሲፈላ ስንጥቁን ይደፍነዋል። ጉድጓድም ቧንቧም የሚዘጋው በዚሁ ነው።

አሁን ወደ ቋቱ ሆድ እንግባ፤ የዕውቀቱ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ማግማ እንደ ውሃ በአንድ የሙቀት ነጥብ ላይ አይረጋም። ማዕድናቱ በተራ ይወለዳሉ። በባዛልት ውስጥ መጀመሪያ አረንጓዴው ኦሊቪን ይወጣል፤ ከዚያ ካልሲየም የበዛበት ፕላጂዮክሌዝና ፓይሮክሲን ይከተላሉ፤ ብረት የበዛባቸው ጥቋቁር ማዕድናትም ይመጣሉ። ኳርትዝና ፖታሲየም ያለበት ፌልድስፓር መጨረሻ ላይ ናቸው። ቀድመው የሚወለዱት ሲሊካ የሚወስዱት ጥቂት ነው፤ ማግኒዚየምና ብረቱን፣ ካልሲየሙን ግን አብዝተው ይወስዳሉ። ስለዚህ የሚቀረው ቅልጥ እየዋለ ሲሊካው ይበዛል። ከመቶ 50 ገደማ ሲሊካ የነበረው ባዛልት ከ80 እስከ 90 ከመቶው ረግቶ ሲያልቅ የቀረችው ጥቂት ቅልጥ ከ70 በመቶ በላይ ሲሊካ ይዛ ራዮላይት ትሆናለች። የስምጥ ሸለቆው ራዮላይት ብዙው በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ይህ እንዲሆን ክሪስታሎቹ ከቅልጡ መለየት አለባቸው። በቀጭን ባዛልታዊ ማግማ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የኦሊቪን ቅንጣት በቀን አንድ ሜትር ያህል ሊሰምጥ ይችላል። ማግማው 100,000 እጥፍ ሲወፍር ግን ያው ቅንጣት በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ ሰመጠ ለማለት አይቻልም። ስለዚህ በዘገየውና በወፈረው ማግማ ውስጥ መለየቱ በመስመጥ መሆኑ ይቀርና በመጨመቅ ይሆናል፤ የክሪስታሎቹ ክምር በራሱ ክብደት ሲጠቀጠቅ ፈሳሹ ወደ ላይ ይሾልካል። ሁሉም ከባድ ማዕድን ታች፣ ቀላሉ ላይ ተደርድሮ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የዚህን ሥራ ውጤት ለማየት ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከጥቁሩ ባዛልት ክምር በላይ ነጣ ያለ፣ በፍንዳታ ተረጭቶ የተጠጋጋ ራዮላይታዊ ዐለት አለ። ባዛልቱ በቀጭን ላቫነት ፈሰሰ፤ በምድር ውስጥ ከቀረው ወገኑ የተወለደው ወፍራሙ ማግማ ደግሞ እያፈነዳ ወጣ። ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ የወገል ጤና ስም በዓለም የታወቀበት ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚገኘው በዚሁ ነጭ ዐለት ንብርብሮች መካከል ነው። አመዱ ሲበሰብስ የለቀቀውን ሲሊካ ውሃ ተሸክሞ በክፍት ቦታዎች ውስጥ አስቀመጠው።

አሁን ሁለተኛውን የተሳሳተ ሐሳብ እንመልከት፤ በርዷልና አይፈነዳም የሚለውን። ኦሊቪን፣ ፓይሮክሲንና ፕላጂዮክሌዝ ውሃ አይወስዱም። ማግማ ውስጥ ግን የሟሟ ውሃ አለ፤ 2 በመቶ ውሃ የያዘው ግማሹ ሲረጋ የቀረው ቅልጥ 4 በመቶ ውሃ ይኖረዋል። 4 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ራዮላይታዊ ቅልጥ አሟሙቶ ሊይዘው የሚችለው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሚወለድ ክሪስታል ጥቂት ውሃ በእንፋሎት መልክ አስገድዶ ያስወጣል፤ እንፋሎቱም በቅልጡ ውስጥ ሟሙቶ ከነበረበት በርካታ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ባለሙያዎች ይህን ሁለተኛ ፍላት ይሉታል። ቋቱ በበረደ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል ማለት ነው። እንፋሎቱ በስንጥቅ እየሾለከ የሚወጣ ከሆነ ችግር የለም። የቋቱ ጣሪያ በራሱ ሲሊካ ተደፍኖ ከታሸገ ግን ግፊቱ ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ጣሪያውን ይሰነጥቃል። ለሺህ ዓመታት ዝም ማለት ለደኅንነት ማስረጃ የማይሆነው ስለዚህ ነው። ሃይሊ ጉቢ ራሱ ከዚያ በፊት በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ አልነበረውም።

ወደ ቤታችን ወደ ወሎ እንመለስ። የወሎን ተራሮች የሠራው ባዛልት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ክምሩ በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበትም የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ይህን ሁሉ የመገቡት ቋቶች ዛሬ ምን ላይ ናቸው? ከላይ ባለው ሕግ እንመዝነው። 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው 30,000 ዓመት ከፈጀ፣ 20 ኪሎ ሜትር ያለው 3 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። 30 ሚሊዮን የዚህ አሥር እጥፍ ነው። ያ ማግማ ከረጋ ቆይቷል፤ ከቶሳም ሆነ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር የዚያ ዘመን ቅልጥ የለም። ሕያዋኑ ቋቶች ያሉት በምሥራቅ፣ ምድር ዛሬም እየተለጠጠች ባለችበት በአፋር ቆላ ነው።

ፍል ውሃ ሁሉ የማግማ ምስክር ተደርጎ መወሰዱም ልክ አይደለም። በተራ ቦታ እንኳ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 30 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል። በስምጡ ጠርዝ ባሉት ስብራቶች 2 ኪሎ ሜትር ወርዶ የተመለሰ ውሃ ያለ ምንም ማግማ 60 ዲግሪ ጨምሮ ሊወጣ ይችላል። እነዚሁ ስብራቶች ግን ሌላ አደጋ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ ያለችውን ካራ ቆሬን የመታው ርዕደ መሬት ማጀቴን ያፈራረሳት ያለ ምንም እሳተ ገሞራ ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ ቤቱን ሲሠራ ሊያስብበት የሚገባው ይህና የክረምቱ የመሬት መንሸራተት ነው፤ ከአፋር ሊመጣ የሚችለው ደግሞ አመድ ነው፤ የውሃ ዕቃንና የከብት መኖን መሸፈን ይጠይቃል።

ማግማ እንዴት እንደሚበርድ በዓይኑ ለማየት የሚሻ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ከደሴ በሀረጎ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ባቲ በሚወርደው መንገድ ዳር የተቆረጠውን ገደል ይመልከት። ነባሩን ንብርብር ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ ጥቁር ግድግዳ ሲያጋጥም ዳይክ ነው። የበሰበሰው ቆዳ ስለሚያሳስት በመዶሻ አዲስ ገጽ ይከፈት፤ ገጹ በውሃ ይረስ፤ አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ከጠርዝ ወደ መሐል በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ይታይ። ጠርዙ ላይ ያሉት ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ድፍን ጥቁር ናቸው፤ በሌንስም ቅንጣት አይለይባቸውም፤ ቀዝቃዛውን ዐለት እንደነኩ በድንገት ስለረጉ ክሪስታል ለማደግ ጊዜ አላገኘም። ወደ መሐል ሲሄዱ ቅንጣቱ እየጎላ ይመጣል፤ የፕላጂዮክሌዙ ነጫጭ ዘንጎች በዓይን መታየት ይጀምራሉ። ከጠርዙ ውጭ ያለው ነባር ዐለት ብዙ ጊዜ ተጠብሶ ቀላ ብሎ ጠንክሯል። ዳይኩ ሲኮማተር የተሰነጠቀባቸው ዓምዶች ሙቀቱ በወጣበት አቅጣጫ ስለሚሄዱ አግድም ተኝተው ይገኛሉ፤ በላቫ ንብርብር ውስጥ ግን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ዓምዱ ወፍራም ከሆነ ዝግ ብሎ በርዷል፣ ቀጭን ከሆነ ፈጥኖ።

አንድ ነገር ያደናግራል። አንዳንድ ጊዜ ቅንጣት አልባው ጥቁር መስመር በዳይኩ መሐል ይገኛል። ይህ የሚሆነው ሁለተኛ ማግማ የመጀመሪያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ሲገባ ነው። የመጀመሪያው ስፋት 2 ሜትር ከነበረ ሁለተኛው የመጣው ቢያንስ 11 ቀን ያህል ቆይቶ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ ከቅልጡ ጋር ይቀላቀል ነበር እንጂ ጠርዝ አይሠራም። በመንገድ ዳር ቆሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበረ ሳምንትን መቁጠር ይቻላል፤ ይህ ዕውቀት በየትምህርት ቤቱ ቢደርስ ምንኛ በወደድን። ክረምት ላይ ግን ገደሉ ስለሚናድ ከበጋ ውጭ ወደ ሥሩ መጠጋት አይገባም።

ከዚህ ዕውቀት ገበያ ላይ የሚውል ጥቅምም አለ። የድንጋይ ካባ የሚከፍት ሰው የላቫውን ንብርብር ከላይ እስከ ታች ይየው። ጠጠር የሚሆነው ዝግ ብሎ የረጋው ድፍን መሐሉ ነው። የላይኛው ክፍል በጋዝ አረፋ ተበሳስቷል፤ ቀዳዳዎቹ ኋላ በመጣ ዚዮላይት በተባለ ነጭ ማዕድን፣ በሸክላ አፈርና በሲሊካ ተሞልተዋል። ሸክላው ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ ይኮማተራልና ጠጠሩን ይፈረፍረዋል። ኦፓልና ኬልሲዶኒ የመሰለው ሲሊካ ደግሞ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ይዋሐድና ውሃ የሚመጥ ዝልግልግ ነገር ይፈጥራል፤ ከዓመታት በኋላ ኮንክሪቱ መረብ በመሰለ ስንጥቅ ይሞላል። ግንበኛው አሸዋውን ወይም ሲሚንቶውን ሲወቅስ ጥፋቱ ከጠጠሩ ሊሆን ይችላል።

ጉድጓድ አስቆፋሪም እንዲሁ። የረጋ ዳይክ መሐሉ ድፍን ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃን እንደ ግድብ ያግዳል፤ የተሰነጣጠቀው ጠርዙ ግን ውሃን በርዝመቱ ይመራል። ቁልቁለቱን የሚያቋርጥ ዳይክ ካለ ጉድጓዱ ከዳይኩ በላይ በኩል ይቆፈር፤ ከታች በኩል ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ብሎ የተቆፈረው ሊደርቅ ይችላል። ዳይኩ በአፈር ከተሸፈነ የማግኔት መለኪያ ይዞ አቋርጦ መሄድ ቦታውን ያሳያል።

በመጨረሻ፣ ለዝግጅት ክፍልዎ ያለን ጥያቄ ቀላል ነው። ስለ ማግማ የሚቀርብ ዘገባ ከመታተሙ በፊት ሪፖርተሩ ባለሙያውን ሦስት ነገር ይጠይቅልን፦ ማግማው በስንት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው? ስፋቱና ቅርጹ ምን ያህል እንደሆነ ተገምቷል? ከታች አዲስ ማግማ እየገባ ለመሆኑ የመሬት እብጠት በሳተላይት ወይም በጂፒኤስ ተለክቷል? መልሱ «አልተለካም» ከሆነም እንደዚያው ተብሎ ይታተም። የዳይኩን ጠርዝና መሐል የሚያሳይ በእጅ የተሠራ ሥዕል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል፤ ቦታ ከተገኘለት ከጽሑፉ ጎን ቢወጣ እንወዳለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሥነ ምድር ባለሙያዎች
ደሴ፣ ወሎ